ውኃው የጋራ ነው፤ መረብ የምጥልበት ቦታስ?

ከአንድ አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«በሰሜን አቸፈር ወረዳ ቁንዝላ አጠገብ እኖራለሁ፤ የምተዳደረውም በታንኳ ዓሣ በማስገር ነው። አባቴም እኔም መረባችንን ስንጥል የኖርነው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባበት አፍ አጠገብ፣ ደንገሉ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ነው። ከዓምና ወዲህ ግን አንድ ወጣት ባለሞተር ጀልባ ይዞ መጣና ከእኔ መረብ ወደ ሐይቁ ወጣ ብሎ፣ ዓሣው በሚመጣበት መንገድ ላይ የራሱን መረብ ይዘረጋ ጀመር። ብነግረው 'ውኃ ባለቤት የለውም' አለኝ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ማለዳ መረቤን ላነሣ ስሄድ ሁለቱ መረቦች ተጠላልፈው አገኘኋቸው። ንዴት አሸነፈኝና የእርሱን በቢላዋ ቆርጬ የራሴን አወጣሁ፤ በእርሱ መረብ የነበረውንም ዓሣ ይዤ ሄድኩ። አሁን ካሳ ክፈል ይለኛል፤ የአስጋሪዎች ማኅበራችንም እኩሉ ከእኔ፣ እኩሉ ከእርሱ ሆኗል። ለመሆኑ ቦታው የእኔ አይደለም ወይ? መክፈልስ አለብኝ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ አዎን፣ መክፈል አለብዎት። ይህን ያስቀደምኩት ልወቅስዎት ፈልጌ ሳይሆን፣ የቦታው ክርክር ወደ እርስዎ ቢያደላም ባያደላም የካሳው ነገር የማይለወጥ ስለሆነ ነው። የሰው መረብ መንገድ ቢዘጋብዎት እንኳ የባለቤቱ ንብረት ከመሆን አይወጣም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ ምክንያት የሆነበት ድርሻ ካለ ካሳው በዚያው መጠን እንዲቀነስ ስለሚፈቅድ፣ ወጣቱ መረቡን ከእርስዎ መረብ ጋር ሊጠላለፍ በሚችልበት ቅርበት መጣሉ በሽማግሎች ፊት ሊነሣ የሚገባው ነጥብ ነው። ነጥቡ ዕዳዎን ያቀልልዎታል እንጂ አያነሣልዎትም።

ስንት ነው የሚከፍሉት ለሚለው፣ ከማንም ግምት በፊት መረቡ ራሱ መጥቶ በደረቅ መሬት ላይ ይዘርጋ። ማኅበርተኞችዎ ለሁለት የተከፈሉት መረቡን ሳያዩ፣ ባለመረቦቹን ብቻ እያዩ ይመስለኛል። እንደሚያውቁት የመረቡ የላይኛው ገመድ ተንሳፋፊውን፣ የታችኛው ገመድ ክብደቱን ይይዛል፤ በመካከላቸው ያለው ዐይነ ብዙ ክር ነው ዓሣውን የሚይዘው። ቢላዋው ያረፈው በገመዱ ላይ ብቻ ከሆነ ገመድ ይቋጠራል፤ ጉዳቱም ቀላል ነው። ቢላዋው ክሩን ከላይ እስከ ታች ቀድዶት ከሆነ ግን ያ በመርፌና በክር ተቀምጦ ቀናት የሚወስድ ጥገና ነው፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይጠገንም። በተጨማሪም መረቡ ቀድሞ ያረጀና የተጠጋገነ ከሆነ የአዲስ መረብ ዋጋ ሊጠየቁበት አይገባም። ሽማግሎቹ አሮጌውን ጥገና ከአዲሱ ቁርጥ ለመለየት አይቸገሩም፤ በቢላዋ የተቆረጠ ክር ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፣ በጉቶ ወይም በጉማሬ የተቀደደ ክር ግን ተጎትቶ የተፈታታ ነው።

የወሰዱትን ዓሣ በተመለከተ ደብዳቤዎ በአንዲት ሐረግ አልፎታል፤ እኔ ግን ከመረቡ መቆረጥ ይልቅ እዚህ ላይ ቆሜአለሁ። መረብ መቁረጥ በንዴት ነው ሊባል ይችላል፤ የሰውን ዓሣ አውጥቶ ወደ ገበያ መውሰድ ግን ንዴት የሚሸፍነው ነገር አይደለም። ዓሣ በውኃ ውስጥ ሲዋኝ የማንም ነው፤ በአንድ ሰው መረብ ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ ግን የዚያ ሰው ነው፤ መረቡ በመጥፎ ቦታ ተጥሎ ቢሆንም እንኳ። መረቦቹ ተጠላልፈው አንዱ ዓሣ በሁለቱም ክሮች ተይዞ የተገኘ እንደሆነ እኩል መካፈል ነው የሚያዋጣው፤ በእርሱ ክር ብቻ የተያዘውን ግን የዕለቱን የገበያ ዋጋ ገምተው ከመረቡ ካሳ ለይተው ይክፈሉ። ለይተው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ደርቦ መክፈል ዓሣውን ስለመውሰድዎ ሳይናገሩ ማለፍ ይሆናል፤ ወጣቱም ቢሆን ይህን ልብ ሳይለው አይቀርም።

እዚህ ላይ ምናልባት የማይወዱትን አንድ ጥያቄ ላንሣ። መረቦቹ የተጠላለፉት የማን መረብ ተንቀሳቅሶ ነው? እርስዎ የእርሱ መጣብኝ ብለው ገምተዋል፤ ነገሩ የሆነው ግን በነሐሴ ነው። በነሐሴ ከመነሻው ከሰከላ ጀምሮ የጎጃምን ዝናብ ሰብስቦ የሚመጣው ግልገል ዓባይ ሙሉ ሆኖ ወደ ሐይቁ ይገፋል። ለወንዙ አፍ ቅርብ የነበረው የእርስዎ መረብ ነው፤ የእርሱ ወደ ሐይቁ ወጣ ያለ ነበር። ጎርፉ የሚገፋው ከእርስዎ ወደ እርሱ ነው። እርግጥ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣ ነፋስ ሲበረታ የላይኛውን ውኃ መልሶ ወደ ዳር ሊነዳ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ የታወቀው እንቦጭም በነፋስ ሲነዳ ያገኘውን መረብ ጠራርጎ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እርሱም መጥቶብዎት ሊሆን ይችላል፤ ግን ማለዳ ሲደርሱ የእርስዎ መልሕቅ ድንጋዮች ባስቀመጡበት ነበሩ ወይስ ተንሸራተው ነበር? ይህን ካላስታወሱ ወይም ካላዩ፣ በሽማግሎች ፊት «መጣብኝ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ እመክርዎታለሁ፤ ወንዙን የሚያውቅ አንድ አዛውንት ከመካከላቸው ተነሥቶ ይህንኑ ቢጠይቅዎት መልስ ያጥርዎታል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። «ውኃ ባለቤት የለውም» የሚለው የወጣቱ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለቤት የለውም ሳይሆን ባለቤቱ ብዙ ነው። ባለቤቱ ብዙ በሆነ ነገር ላይ ደግሞ አንድ ሰው እንዳሻው ሊሆን አይችልም፤ ይህ ለእርሱም ለእርስዎም እኩል ይሠራል። በአንጻሩ «የአባቴ ቦታ» የሚለው የእርስዎ አነጋገርም ከዚህ የተሻለ ጉልበት የለውም። አባትዎ በዚያ ጫፍ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ መረብ ጥለው ሊሆን ይችላል፤ ውኃውን ግን እንደ ርስት ሊያወርሱዎት አይችሉም፤ ያወረሱዎት የቦታውን ጠባይ የማወቅ ጥበብ ነው፤ እርሱንም ማንም አልወሰደብዎትም።

ታዲያ ልማዱ ለቀድሞ አስጋሪ ምንም አይሰጥም ማለት ነው? ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን የዕለቱን ተራ ነው። በቅዳሜ ገበያ ሁልጊዜ ከአንድ ዛፍ ሥር በርበሬ የምትሸጥ ሴት ብትኖር ሰዎች ቦታዋን ያከብሩላታል፤ ዕቃዋን ዘርግታ ሳለች ከፊቷ መጥቶ የሚቀመጥና ገዢ የሚዘጋባት ሰው ነውረኛ ይባላል። በቀረችበት ቅዳሜ ግን ማልዶ የደረሰ ይቀመጥበታል፤ እርሷም በእኩለ ቀን መጥታ ተነሥ ልትለው አትችልም። የእርስዎ የደንገል ጫፍም ከዚህ የተለየ አይደለም። አመሻሽ ላይ መረብዎ ውኃ ውስጥ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ማለዳ እስኪያነሡት ድረስ ቦታው የእርስዎ ነው። መረብ ሳይጥሉ ተንሳፋፊ ብቻ አስቀምጦ ወይም ቃል ብቻ ተናግሮ ቦታ መያዝ ግን አያስኬድም፤ እርስዎ ይህን አደረጉ አላልኩም፤ በየማኅበሩ ጠብ የሚያነሣው አንዱ ነገር ይህ ስለሆነ ነው።

ይህን ካልን ወጣቱ የሚጠየቅበትን እንናገር። መረብዎ ቀድሞ ተጥሎ እያየ ከፊቱ፣ ዓሣው በሚመጣበት መንገድ ላይ መዘርጋት ቦታውን ከመንጠቅ አይተናነስም። መረብ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ዓሣውን አያሳድድም፤ ስለዚህ ከፊቱ ሌላ መረብ ሲቆም የኋለኛው ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ውኃ ይይዛል። በመረብ የሚተዳደር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ዘግይቶ የደረሰው ወይ ከጎን በቂ ርቀት ጠብቆ፣ ወይ ከቀደመው በስተኋላ መጣል እንዳለበት ነው። በቂ ርቀት የሚባለውም የአንዱ መልሕቅ ቢንሸራተት ወደ ሌላው የማይደርስበት ነው፤ በጎርፍ ወራት ርቀቱ ይሰፋል። እርሱ ቀድሞ ጥሎ እርስዎ በኋላ የደረሱባቸው ምሽቶች ካሉ ግን ይህ ክስ ይገለበጥብዎታልና፣ ምሽቶቹን ለይተው ይናገሩ።

በዚህ ላይ የጀልባው ነገር አለ። ታንኳ ነፋስና ማዕበል አይችልም፤ የተሠራበት ደንገልም ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለታንኳ ከዳር ብዙ መራቅ አይችልም። ባለሞተሩ ግን ወደ ሐይቁ መካከል ሊወጣ ይችላል፤ ጣና ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ መረብ የማይጣልበት ጥልቅ ሆኖ አያስቸግርም። መራቅ የሚችል ሰው ዳሩን መራቅ ለማይችለው ቢተውለት ሕግ አስገድዶት ሳይሆን ሰብአዊነት ነው። የሞተሩ ምላጭም በጨለማ የሰው መረብ እንዳይቆርጥ ተንሳፋፊዎቹ መታየት አለባቸው። ብዙዎቻችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው የምታስሩት፤ ሁሉም ጠርሙስ ግን አንድ ስለሚመስል፣ በእርስዎ ላይ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ቢያስሩና ለሁሉም ቢያሳውቁ ግማሹ ክርክር ከሥሩ ይቀራል። ስለ እነዚህ የዳር ደንቦች የበለጠ ማወቅ የሚሻ ሰው በሐይቁ ዳር የሚኖረውን የወይጦ ማኅበረሰብ ሽማግሎች ቢጠይቅ አያፍርም፤ ታንኳ መሥራቱንም ዓሣ ማስገሩንም ከኖሩበት ሰዎች በላይ ይህን ሐይቅ የሚያውቅ የለም፤ ሌላው ሰው ለረጅም ጊዜ ንቆ ባያርቃቸው ኖሮ ዛሬ ብዙ ደንብ ሳንጣላ እናውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ሁለታችሁንም የማያስደስት ነገር ልናገር፤ የተጣላችሁበት ቦታ በዚያ ወር ሁለታችሁም ልትገኙበት የማይገባ ነው። ነጭ ዓሣ ብላችሁ የምትጠሩት ወገን በሳይንስ ከ15 የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በወንዞች አፍ ላይ ተሰብስበው ጠጠር ወዳላቸው የጠራ ውኃ ገባሮች ይወጣሉ፤ በዚያ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ያ ጫፍ በነሐሴ ዓሣ የሚበዛበት ለዚህ ነው፤ ወጣቱም የመጣበት ምክንያት ይኸው ነው። በነሐሴ ከመረብ የወጣ ነጭ ዓሣ ሆዱ ሲጨበጥ እንቁላሉ በጣት መካከል እንደሚፈስ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን በአፉ ይዞ በዳር በሣር ውስጥ ስለሚያሳድግ የወንዝ አፍ ቢዘጋ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ነጭ ዓሣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ከዚያም በላይ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ዓመታት የሚፈልግ ዓሣ ነው። ባለሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ወደ ጣና የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ከዚያ በፊት የታንኳ አስጋሪ ከዳር ብዙ ስለማይርቅ ሐይቁ ራሱን ይጠብቅ ነበር። ተመራማሪዎች በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል ባደረጉት ክትትል እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣ መጠን በክብደት ሲለካ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ አግኝተውታል፤ በዋና ምክንያትነት የጠቀሱትም ወደ ወንዝ ለመውጣት የተሰበሰበውን ዓሣ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ መጥረግን ነው። አባትዎ ከዚያ ጫፍ ያወጡ የነበረው ዓሣና እርስዎ የሚያወጡት አንድ ካልሆነ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም፤ እርሱ የመጣው ከዓምና ወዲህ ነው።

ይህ ምክር ገንዘብ የሚያስቀር መሆኑ ይገባኛል። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ከ1 እስከ 15 ባሉት ቀናት ብዙ ሰው ዓሣ ስለሚፈልግ ዋጋው ጥሩ እንደሚሆን ግን አያከራክርም። ዋጋው ከፍ ባለበት ሳምንት አንድ ሰው ብቻውን ቦታውን ቢተው ሌላው ይጠርገዋል፤ ስለዚህ መተው ያለበት ማኅበሩ በአንድነት ነው። እርስዎም ጉዳዩን ወደ ማኅበሩ ሲያቀርቡ «ቦታዬን መልሱልኝ» ከሚሉ ይልቅ «ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዙ አፍ ሁላችንም እንራቅ፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ተራና ርቀት ይወሰን» ቢሉ፣ ለሁለት የተከፈለው ማኅበር ከማን ጋር እንደቆመ ሳይሆን ስለ ምን እንደሚወስን ይነጋገራል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ስለሚከለክል፣ ደንብ ከተጻፈ አይቀር በየገባሩ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ እየወቀጠ ውኃ ውስጥ የሚበትነው ሰውም በዚያው ይነገርበት።

ሽማግሎች ዘንድ ከመቅረባችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻዎን ወደ ወጣቱ ይሂዱ። በውኃ ላይ ሳይሆን በየብስ፣ ከተቻለም በቤቱ ያግኙት፤ በታንኳና በሞተር ጀልባ ላይ ቆሞ የሚደረግ ንግግር ወዲያው ወደ ጩኸት ይለወጣል። መጀመሪያ ዓሣውን ስለመውሰድዎ ይንገሩት፤ ስለ ቦታው አያንሡ። እርሱ ቢያነሣው «በማኅበር እንነጋገራለን» ይበሉት። በዕድሜ ታላቁ እርስዎ ስለሆኑ እርሱ መምጣት ነበረበት የሚሉ ጓደኞች አይጠፉም፤ ቢላዋውን ያነሣው ግን እርስዎ ነዎት። ይቅርታዎን ባይቀበል እንኳ ሁለት ነገር አይቋረጥ፤ ማዕበል ሲነሣ መጠራራትና ጉማሬ የታየበትን ቦታ መነጋገር። ከወንዙ አፍ አጠገብ ያለ ጉማሬ የማን መረብ እንደሆነ አይጠይቅም፤ በተኮራረፉ ሰዎች መካከል ሳይነገር የቀረ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለሽማግሌ የሚቀርብ ጉዳይ አይሆንም።

ወደፊት መረቦች ተጠላልፈው ቢያገኙ ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ጊዜ ከሌለዎት የራስዎን ከራስዎ መልሕቅ በኩል ቀስ ብለው ይሳቡ፤ የግድ መቆረጥ ያለበት ነገር ካለ የራስዎን ገመድ ይቁረጡ፤ ክሩን ግን የማንንም አይንኩ። ባለፈው ነሐሴ የቆረጡት መረብ ቁራጩ ወጥቶ እንደሆነ ደብዳቤዎ አይናገርም። ውኃ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ክሩ አይበሰብስም፤ ማንም ሳያነሣው ዓሣ እየያዘ፣ የያዘው እየበሰበሰ፣ እንደገና እየያዘ ይኖራል። ወጣቱ ከተስማማ በእርሱ ጀልባ አብረው ሄዳችሁ በጋ ገብቶ ውኃው ሲጠራ ያውጡት፤ መረቡ በሽማግሎች ፊት ሲዘረጋም ይህ ቁራጭ አብሮ መቅረብ አለበት።